ሆድ ውስጥ ለቋጠረ መግል የትኛው አንቲባዮቲክ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሆዱ ውስጥ መግል ቋጥሯል። በደም ሥር ሴፍትሪአክሶንና ሜትሮኒዳዞል ይሰጠዋል። አጠገቡ ለተኛው ታማሚ ግን ሜሮፔነም ታዘዘለት። የወንድሜ መድኃኒት ደካማ ይሆን? ክሊንዳማይሲንስ አይሻለውም?

መልስ፦ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን ወንድምዎ የሚወስደው ደካማ መድኃኒት አይደለም።

ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ የአንጀት ባክቴሪያዎች ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳሉ። ኦክስጅን በሌለበት ከሚኖሩት መካከል አስቸጋሪው ባክቴሮይዲስ ፍራጂሊስ የሚባለው ነው። ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታል። ክሊንዳማይሲን ድሮ ጥሩ ይሠራበት ነበር፤ አሁን ግን ብዙው ስለተላመደው ለሆድ መግል አልመርጠውም።

ሜትሮኒዳዞል ሌላ ነው። መግሉ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውስጥ ሲደርስ ይነቃና ዲኤንኤያቸውን ይበጣጥሳል። የቆየ መድኃኒት ቢሆንም የተላመዱት እስካሁን ጥቂት ናቸው። እንደ ኢ. ኮላይ ያሉትን፣ ኦክስጅን ባለበትም የሚኖሩትን የአንጀት ባክቴሪያዎች ግን አይነካም፤ ሴፍትሪአክሶን የተጨመረው ለዚህ ነው።

ሜሮፔነም ሁለቱንም ወገን ብቻውን ይይዛል። ፒፐራሲሊን-ታዞባክታም የሚባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ። ሜሮፔነምን በጠና ለታመመ ወይም ሌላውን መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ላለበት ሰው ብንቆጥበው ይሻላል። በየአልጋው ከሰጠነው እሱንም ይላመዱትና በቁርጥ ቀን ባዶ እጃችንን እንቀራለን።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መግሉ ወጥቷል ወይ የሚለው ነው። ትንሽ ከሆነ በመድኃኒት ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ትልቅ ከሆነ ግን የትኛውም አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃውም። በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን እየታየ በቀጭን ቱቦ ይወጣል። ከመግሉም ናሙና ወደ ላብራቶሪ ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ምንጩ በደንብ ከጸዳ 4 ቀን ገደማ የተሰጠ አንቲባዮቲክ 8 ቀን ገደማ ከተሰጠው አያንስም። ስለዚህ ቶሎ ቢያቆሙለት አይደንግጡ። መግሉ ካልወጣ ግን ይህ አይሠራም።

ሐኪሙን «መግሉ ምን ያህል ነው? ይቀዳል ወይ? የላብራቶሪው ውጤት ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ። ሜትሮኒዳዞል አፍን ብረት ብረት ሊያሰኝ፣ ሽንትንም ሊያጠቁር ይችላል፤ አያስፈራም። እጅና እግሩን ከደነዘዘው ግን ይናገሩ። አልኮል አይጠጣ። ትኩሳቱ ከጥቂት ቀናት በኋላም ካልበረደ ወይም ሆዱ ከጠነከረ ሳይውል ሳያድር እንደገና ይታይ።