ጠይቁኝ፦ አዲስ ጌም ዋጋው ያዋጣል?

ደሴ ላይ ስምንት ዓመት ጌም ቤት ሠርቻለሁ፤ አሁን ኮምቦልቻ ወርጄ ፕሌይስቴሽን እጠግናለሁ። «አዲስ ጌም ከሌላው መዝናኛ ጋር ሲተያይ ዋጋው ልክ ነው ወይ?» እያላችሁ ስለበዛችሁብኝ ዛሬ ማታ መብራት እስካለ እመልሳለሁ።

ጥ፦ ለመሆኑ ስንት ነው?

መ፦ ትልልቆቹ 70 ዶላር። ለዓመታት 60 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ 70 ገባ። የጌም ኩባንያው ኒንቴንዶ በ2025 ማሪዮ ካርት ወርልድ የሚባለውን የመኪና ውድድር ጌሙን 80 ብሎታል። ለአሜሪካዊ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ከተወደደበት ጋር ሲታይ ያን ያህል አይደለም። ወደኛ ስንመጣ፣ በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 70 ዶላር 4 ሺህ ብር ነበር። ዛሬ 9 ሺህ አልፏል። ጌሙ ያው ነው፤ የሸሸን ብሩ ነው።

ጥ፦ በሰዓት ሲሰላ ግን ርካሽ ነው ይላሉ።

መ፦ መቶ ሰዓት ከተጫወትክ ሰዓቱ 90 ብር ይመጣል፤ ስሌቱ ልክ ነው። ግን 9 ሺህ ብር ባንዴ ከኪስ ይወጣል፤ ዲኤስቲቪ ቤት የምትከፍለው በጨዋታ ነው። ደግሞ ሰዓት ብቻ ከተቆጠረ በርጫን የሚያህል መዝናኛ የት ይገኛል? (የደሴ ሸዋ በር ሰፈር ልጆች፣ ቀልዴን ነው።)

ጥ፦ ታዲያ አንተን እንዴት አዋጣህ?

መ፦ አንዱን ሲዲ መቶ ልጅ ስለሚካፈለው። ሕጉ ተሸናፊ ይከፍላል ነው። አንድ የሆጤ ሰፈር ልጅ ሳንቲም ሳይዝ ገብቶ እስከ ማታ ይጫወት ነበር፤ አይሸነፍማ! ችግሩ 80ኛው ደቂቃ ላይ፣ 2 ለ 1 ሆኖ መብራት ሲሄድ ነው። መሪው «አሸንፌያለሁ»፣ ተመሪው «መች አለቀ»። ለሁለት ክፈሉ እላለሁ፤ ሁለቱም ያኮርፉኛል።

ጥ፦ የኳስ ጌም በየዓመቱ ልግዛ?

መ፦ ኧረ ተው። በአብዛኛው የምትከፍለው ለአዲሱ የተጫዋቾች ዝውውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙ ከፊፋ ወደ ኤፍሲ ተቀየረ፤ ልጆቹ ዛሬም ፊፋ ነው የሚሉት። ጥቂት ወር ጠብቅ፣ ቅናሽ ይመጣል። እኔን ረጅም ጊዜ ያበላኝ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ የጫንኩት ፔስ 2013 የሚባል ሌላ የኳስ ጌም ነው።

ጥ (አንዲት እናት)፦ ልጄ ስልኩ ላይ በነፃ ነው የሚጫወተው፤ ምን ያሳስበኛል?

መ፦ አብሽሩ እናቴ፣ ግን እኔን የሚያስፈራኝ ነፃው ነው። ኢፉትቦል፣ የድሮው ፔስ፣ በነፃ ይወርዳል፤ ከዚያ እንደ ሎተሪ ዕጣ እያስወጣ ተጫዋች ይሸጣል። የ70 ዶላሩ በአብዛኛው አንዴ ተከፍሎ ያልቃል፤ ይሄኛው ማለቂያ የለውም። የባንክ ካርድዎን ስልኩ ላይ እንዳያስገባ ብቻ ይጠብቁ።

ጥ፦ ያገለገለ ሲዲስ?

መ፦ እሱ ነው ዋናው! ተጫውተህ መልሰህ ትሸጠዋለህ፤ ከኢንተርኔት ያወረድከውን ማን ይገዛሃል? ስትገዛ ጀርባውን ብርሃን ላይ አዘንብለህ እየው። ጭረቱ ከመሃል ወደ ዳር ከሄደ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ክቡን ተከትሎ ከዞረ ተወው።

ጥ፦ ጌም ይሻላል ጆተኒ?

መ፦ ጆተኒ። መብራት አይፈልግም።