ጃቫውን አራት ጊዜ አራግፎ ለጫነው ልጅ

ከፒያሳ አንድ ተማሪ ጽፎልኛል፣ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ለማይንክራፍት ጌም 1.20.1 በፋብሪክ (ሞድን ጌሙ ላይ ሚያስነሳው) ሞድ፣ ማለትም ጌሙ ላይ ሚጨመር ፕሮግራም፣ ልሰራ ብዬ ኮድ መጻፊያውን ኢንተሊጄን ጫንኩ፣ ከአንድ የቆየ ቱቶሪያል ላይ ፕሮጀክቱን አወረድኩ፣ ሞዱ ሚጻፍበትን ጃቫም ጫንኩ፣ ግን ስከፍተው አንሰፖርትድ ክላስ ፋይል ሜጀር ቨርዥን 65 እያለ በቀይ ይጽፍብኛል። ጃቫውን አራት ጊዜ አራግፌ ጫንኩት። ላፕቶፔ ራሙ 8 ጊጋ ነው፣ የዊንዶውስ ስሜ ደሞ በአማርኛ ነው የተጻፈው፣ እሱ ይሆን እንዴ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማራገፉን ተው። ጃቫህ ምንም አልሆነም።

ኤረሩ ላይ ያለችውን 65 ያዛት። ከሷ ላይ 44 ቀንስ፣ የጃቫው ቁጥር ይወጣልሃል፣ 21። 61 ቢልህ ኖሮ 17 ነበር፣ 52 ቢልህ 8። ስለዚ ማሽኑ እያለህ ያለው ጃቫ የለም ሳይሆን ይሄ ግሬድል፣ ኮድህን ወደ ሞድ ሚገነባው ፕሮግራም፣ ጃቫ 21ን አያውቀውም ነው። ግሬድል በጃቫ 21 መነሳት የቻለው ከ8.5 ጀምሮ ነው፣ የቆየ ቱቶሪያል ፕሮጀክት ደሞ ከዛ በታች ያለውን ግሬድል ይዞ ነው ሚመጣው፣ አንተ አራቴም ስትጭን አዲሱን 21 ነው የጫንከው፣ ለዛ ነው አራቴም ያው ኤረር የመጣው።

ማይንክራፍት ራሱ እንደቨርዥኑ ሚፈልገው ጃቫ ይለያያል። እስከ 1.16.5 ድረስ 8 ነበር፣ 1.17 ላይ 16፣ ከ1.18 እስከ 1.20.4 17፣ 1.20.5 ላይ ወደ 21 ተሻገረ። ያንተ 1.20.1 ነው፣ ስለዚ 17 ጫን፣ ከአዶፕቲየም ቴሙሪን ሚባለውን በነፃ ታገኘዋለህ። 21ዱን አታጥፋው፣ ሁለቱ ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ።

አሁን ብዙ ሰው ሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ኢንተሊጄ ውስጥ ጃቫ ሚመረጠው አንድ ቦታ አይደለም። ፋይል ብለህ ፕሮጀክት ስትራክቸር ውስጥ ያለው ኮድህን ሚያነብበት ነው፣ ሴቲንግስ ገብተህ ቢልድ ቱልስ ስር ግሬድል ምትለዋ ጋር ግሬድል ጄቪኤም ሚል ሌላ ምርጫ አለ፣ ግሬድል ሚነሳው በዚኛው ነው። ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ ሱቄ አንድ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ የመጀመሪያውን አስር ጊዜ ቀያይሮ ሁለተኛውን ሳይነካው ነው ያገኘሁት፣ 17 አድርጌለት የግሬድሏን መስኮት ሪሎድ ስንል ቀዩ ጠፋ፣ ልጁ ከወንበሩ ብድግ አለ። አንተም እዛ ሂድ።

ከተርሚናል ምታስነሳው ከሆነ ደሞ ሶስተኛ ቦታ አለ፣ ጃቫ ሆም ሚባለው የዊንዶውስ ቫሪያብል፣ ፕሮግራሞች ጃቫ የት እንዳለ ሚያዩበት ሴቲንግ። እሱ የጃቫ 17ን ዋና ፎልደር ነው ማሳየት ያለበት፣ ውስጡ ያለውን ቢን ፎልደር አይደለም። ስትቀይረው ተርሚናሉን ብቻ ሳይሆን ኢንተሊጄን ራሱን ዘግተህ ክፈት፣ አለበለዚያ የድሮውን እንደያዘ ይቆያል።

ስምህን በተመለከተ፣ ለዚህ ኤረር እሱ አይደለም ጥፋተኛው፣ ግን ጥርጣሬህ ጥሩ ነው፣ ነገ ሊያስቸግርህ ይችላል። ግሬድል ሚያወርደውን ሁሉ ሚያስቀምጠው በዩዘር ስምህ ፎልደር ውስጥ ነው፣ የአማርኛ ፊደል ያለበት ፓዝ ላይ አንዳንድ ቱሎች ይደናገራሉ። የአካውንቱን ስም ብትቀይረው የፎልደሩ ስም አይቀየርም፣ በሱ አትድከም። ይልቅ ሲ ድራይቭ ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ የሆነ አጭር ፎልደር ክፈትና ግሬድል ዩዘር ሆም ሚል ቫሪያብል ፈጥረህ እሱን አሳየው፣ ሶስቱ ቃላት በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ መሀላቸው አንደርስኮር። ፕሮጀክቱንም ከዴስክቶፕ አንስተህ እዛው ሲ ላይ አድርገው።

ሌላው መብራትና ኢንተርኔት ነው። መጀመሪያ ስትከፍተው ግሬድሉን፣ ላይብረሪዎቹን፣ የጌሙን ፋይሎች ያወርዳል፣ ኢንተሊጄውን ጨምሮ ከአንድ ጊጋ ያልፋል፣ ስለዚ የሌሊት ጥቅል ገዝተህ ባትሪህን ሞልተህ ጀምር። ዋይፋዩ መሀል ላይ ጠፍቶ በማግስቱ ዚፑ አልከፈት ምናምን ካለህ ግማሽ የወረደ ፋይል ነው። ያኔ ሁሉንም አታጥፋ፣ እባክህ! ግሬድል ሚያስቀምጥበት ውስጥ ራፐር፣ ከዛ ዲስትስ ምትለዋ ጋር ገብተህ የዛን ቨርዥን ፎልደር ብቻ ሰርዝና እንደገና ክፈተው፣ ካሽስ ሚለውን ካጠፋህ የወረደው በሙሉ እንደ አዲስ ነው። አንዴ ሁሉም ገብቶ ጌሙ ከተነሳ ግሬድል መስኮት ላይ ኦፍላይን ሞድ ምትለዋን ተጫን፣ ከዛ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ትሰራለህ፣ አዲስ ላይብረሪ ስትጨምር ብቻ ታጠፋታለህ።

ራምህ 8 ጊጋ ይበቃል፣ ግን ኢንተሊጄ፣ ግሬድልና ጌሙ አንድ ላይ ሲነሱ ክሮም ተዘግቶ ነው። ግሬድል ፕሮፐርቲስ ሚለው ፋይል ውስጥ ኤክስኤምኤክስ ሚል ታያለህ፣ ለግሬድል ሚሰጠው የሜሞሪ ጣሪያ ነው፣ 1 ጊጋ ከሆነና ሜሞሪ አለቀ ካለህ 2 አድርገው፣ ከዛ በላይ አትሂድ።

ጌሙን ራንክላየንት ከሚለው የግሬድል ታስክ ስታስነሳ ሞድህ ሎጉ ላይ ስሙ ከታየ በቃ ተሳክቷል። ለጓደኞችህ ምትሰጠው ቢልድ ታስኩን አስነስተህ ቢልድ ፎልደር ውስጥ ሊብስ ጋር ሚወጣውን ጃር ነው፣ መጨረሻው ላይ ሶርስስ ሚለውን አይደለም፣ እሱ ኮዱ ብቻ ነው። እነሱም ጋር ፋብሪክ ሎደር መጫን አለበት፣ ሞድህ ፋብሪክ ኤፒአይን፣ የፋብሪክን ላይብረሪ፣ ሚጠቀም ከሆነ ደሞ እሱም ሞድስ ፎልደራቸው ውስጥ ይግባ፣ ያውም የ1.20.1ዱ። ከዚ በኋላ አልሄድም ካለህ የሎጉን የመጨረሻ መስመር ብቻ ሳይሆን ኮዝድ ባይ ሚሉትን መስመሮች ሁሉ ኮፒ አድርገህ ላክልኝ፣ ፎቶ አታንሳው።