ከማይነር እስከ ዩዲሲ፦ ስለ ዋሽንግተኑ የጥቁሮች መምህራን ኮሌጅ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት «ፓስፖርት ላሳድስ ኤምባሲ ስሄድ የምወርድበት ባቡር ጣቢያ ለምን ቫን ነስ ዩዲሲ ተባለ? ዩዲሲ የምን ትምህርት ቤት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «የዲሲ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ መነሻው የጥቁሮች መምህራን ማሠልጠኛ ነው» አልኳት። በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። በማግሥቱ ስልኬ በጥያቄ ተጥለቀለቀ። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ ሰብስቤ እመልሳለሁ። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ማታ ማታ እዚያው ዩዲሲ ተምሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዩዲሲ ድሮ የመምህራን ኮሌጅ ብቻ ነበር እንዴ?

ብቻውን አይደለም። ዩዲሲ በ1977 ሦስት ኮሌጆች ተዋህደው የተፈጠረ ነው። ሁለቱ፣ ፌዴራል ሲቲ ኮሌጅና ዋሽንግተን ቴክኒካል ኢንስቲትዩት፣ በ1966 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ የተቋቋሙ ልጆች ናቸው። ሦስተኛው ማይነር ከምትባል ሴት ትምህርት ቤት የመጣው የመምህራን ኮሌጅ ነው። እሱ ግን አያት ነው፤ ዘሩ እስከ 1851 ይቆጠራል። ዩዲሲ ዛሬ በታሪክ የጥቁሮች ከሚባሉት ኮሌጆች ተርታ ሲሰለፍ ይህን አያቱን ይዞ ነው።

ጥያቄ፦ ማይነር የምትባለው መሥራች ጥቁር ነበረች? ብዙ ሰው እንደዛ ይላል።

አይደለችም። ሚርቲላ ማይነር ከኒውዮርክ ገጠር የመጣች፣ ጤና የማይበረክትላት ነጭ አስተማሪ ነበረች። መጀመሪያ ሚሲሲፒ ሄዳ የባለ እርሻዎችን ሴት ልጆች ታስተምር ነበር። እዚያ የባሪያዎችን ልጆችም ላስተምር ብትል «ሕግ ይከለክላል» ተባለች። ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣም።

ከዚያ ዋሽንግተን መጣች። ጊዜውን አስቡት። በዋና ከተማዋ የባሪያ ንግድ ከተከለከለ ገና ዓመቱ ነው፤ ባርነት ራሱ ግን ሕጋዊ ነው። እሷ ነጻ ለሆኑ ጥቁር ልጃገረዶች የመምህራን ማሠልጠኛ ልከፍት ነው አለች። ፍሬድሪክ ዳግላስን አማከረችው። ራሱ ከባርነት ያመለጠው፣ በድፍረቱ አገር ያወቀው ዳግላስ እንኳ «ይቅርብሽ፣ ዕብደት ነው» ዓይነት መልስ ሰጣት። አልሰማችውም። በታኅሣሥ 1851 በ100 ዶላር እርዳታ፣ በስድስት ተማሪዎች ጀመረች። ሁለት ወር ሳይሞላ ተማሪዎቹ 40 ደረሱ። ባርነትን የሚቃወመውን «የአጎት ቶም ጎጆ» የጻፈችው ሃሪየት ቢቸር ስቶው ከመጽሐፏ ካገኘችው ገቢ 1,000 ዶላር ስትሰጥ፣ ዛሬ ዱፖንት ሰርክል በሚባለው አካባቢ ሦስት ኤከር መሬት ተገዛ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ ማታ ማታ የሚሆነው ነው። ሲመሽ ጎረምሶች ቤቱን በድንጋይ ይደበድቡታል። ማይነር ከኤሚሊ ኤድመንሰን ጋር ብቻዋን ናት። ኤሚሊ በ1848 ፐርል በተባለችው መርከብ ከዋሽንግተን ለማምለጥ ከሞከሩትና ከተያዙት ባሪያዎች አንዷ ነበረች፤ ነጻነቷ በመዋጮ ተገዛ። ሁለቱ ሴቶች ምን አደረጉ? ሽጉጥ ይዘው ሰው እያያቸው ኢላማ ተለማመዱ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ትምህርት ቤት ስታቋቁም የመጀመሪያው ወጪ ጠመኔ ይመስልሃል እንጂ ጥይት አይመስልህም።

በ1860 ቤቱን ሊያቃጥሉት ሞከሩ። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ማይነር በ1864 መጨረሻ ሞተች፤ እንደገና ሲከፈት አላየችም።

ጥያቄ፦ «ኖርማል ስኩል» ማለት ምን ማለት ነው? ሌላው ትምህርት ቤት አብኖርማል ነው?

ሃሃ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያሰብኩት። ቃሉ ከፈረንሳይ የመጣ ነው። «ኖርም» መለኪያ፣ ደንብ ማለት ነው። ኖርማል ስኩል የማስተማር ደንቡን የምትማርበት ቤት ነው። በእኛ አገር ቲቲአይ ያልነው ዓይነት።

ጥያቄ፦ መቼ የመንግሥት ሆነ?

በ1863 ኮንግረስ በሕግ ሰውነት ሰጠው፤ ሊንከን ፈረመበት። በ1871 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጠግቶ ጥቂት ዓመት ቆየ። በ1879 ማይነር ኖርማል ስኩል ተብሎ በከተማው የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ገባ። ዲሲ ክፍለ ግዛት ስላልሆነ የመጨረሻው ሥልጣን በኮንግረስ እጅ ነው፤ ዛሬም ድረስ።

ጥያቄ፦ አንዲት ዳይሬክተር «ቆንጆ ነሽ» ተብላ ሥራ ልትከለከል ነበር የሚባለው እውነት ነው?

የሚተረከው እንዲህ ነው። ሉሲ ሞተን በ1883 ለማይነር ኖርማል ስኩል ኃላፊነት ታጨች። የቦርዱ ሰዎች ወጣት ናት፣ መልኳም ያማልላል ብለው አመነቱ። ዳግላስ (ያው ዳግላስ፣ አሁን ደጋፊ ሆኗል) አማለዳት። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ቲያትር የለም፣ ዳንስ የለም፣ ካርታ ጨዋታ የለም። እሺ አለች። እስከ 1920 ድረስ መራችው፤ 37 ዓመት መሆኑ ነው።

እሷ ባለችበት ዘመን የከተማዋን የጥቁር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሞሉት አብዛኞቹ መምህራን በእጇ ያለፉ ናቸው። ሥልጠናውን ሁለት ዓመት አደረገችው። ሥራ ላይ እያለች ሃዋርድ ገብታ በ1897 በሕክምና ተመረቀች። ሐኪም ቤት ለመክፈት አይደለም፤ ሠልጣኞቿን ስለ ጤና አጠባበቅ በደንብ ለማስተማር ነው። በ1933 ኒውዮርክ ውስጥ ታክሲ ገጭቷት ሞተች። ከ50,000 ዶላር በላይ ለሃዋርድ ተናዛ ነበር፤ ተማሪዎች አገር ለአገር እንዲጓዙበት። ዳንስ የተከለከለች ሴት ለሌሎች የጉዞ ገንዘብ ትታ ሄደች።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደ ሒሳብ ሰው ከዚያ ቤት የምታደንቀው ማንን ነው?

ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ዩፌሚያ ሎፍተን ሄይንስ! በ1909 ከማይነር ተመረቀች። በ1943 ከካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። ማይነር በ1929 አራት ዓመት የሚያስተምር የመምህራን ኮሌጅ ሲሆን የሒሳብ ክፍሉን ያቋቋመችው እሷ ናት። ከተማዋ ውስጥ በድምሩ 47 ዓመት አስተማረች።

ጡረታ ወጥታም አላረፈችም። በ1966 የከተማው የትምህርት ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። ያኔ ልጆችን ገና በትንሽነታቸው «ጎበዝ» እና «ሰነፍ» ብሎ በየጎራው የሚመድብ አሠራር ነበር። ድሃና ጥቁር ልጆች ታችኛው ጎራ ይታጎራሉ፤ አንዴ ከገቡ መውጣት ጭንቅ ነው። ተቃወመችው። በ1967 ፍርድ ቤት አሠራሩን ሻረው። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» ሲለኝ እሷ ናት ትዝ የምትለኝ።

ጥያቄ፦ ከነጮቹ ጋር ሲቀላቀል ተጠቀመ ወይስ ተጎዳ?

ግንቦት 17 ቀን 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘር የተለየ ትምህርት ቤትን ሲከለክል፣ ለዲሲ በዚያው ቀን የተሰጠ የራሱ ውሳኔ ነበር። እስከዚያ ድረስ በአንድ ከተማ ሁለት የመምህራን ኮሌጆች ነበሩ፤ ማይነር ለጥቁር፣ ዊልሰን ለነጭ። በ1955 ተዋሃዱና የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ የመምህራን ኮሌጅ ተባሉ።

ውሳኔው ትክክል ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የማይነር ስም በዚያው ጠፋ። ዊልሰንም ጠፋ፣ እሱ ብዙ አላሳሰበኝም። የሽጉጧ ሴትዮ ስም ግን ለኮሌጁ ሊቀር ይችል ነበር ባይ ነኝ። አንድ ወዳጄ «ነጭ ስለሆነች ቢቀየርስ?» ብሎኝ ተከራክረናል። አልተስማማንም።

ጥያቄ፦ ከኮተቤ ጋር ይመሳሰላል ማለት ነው?

በስም መቀያየር አዎ! ኮተቤም ኮሌጅ ነበር፣ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ ከዚያ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ሁለቱም መምህር ለማፍራት የተነሱ ናቸው። በተረፈ ታሪካቸው አይገናኝም።

ጥያቄ፦ አገር ቤት አስተምሬ ነው የመጣሁት። እዚህ መምህር ለመሆን ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ መጀመሪያ ትራንስክሪፕትሽን አስገምግሚ። «ኮርስ በኮርስ» የሚለውን ዓይነት እንጂ ጠቅላላውን አይደለም። እኔ ርካሹን መርጬ፣ አንድ ቢሮ «ይሄ አይሆንም» ብሎ መለሰኝና ድጋሚ ከፈልኩ። አንድ ሴሚስተር አመለጠኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለመቀጠር ከዲግሪው ሌላ የመምህርነት ፈቃድም አለ፤ እሱን ከከተማው የትምህርት ቢሮ ጠይቂ። ዲሲ ውስጥ የመንግሥት ቢሮዎች በአማርኛ የማስተናገድ ግዴታ አለባቸው፤ አስተርጓሚ ለመጠየቅ አትፈሪ። ዩዲሲ ለከተማው ነዋሪ ክፍያው ይቀንሳል፤ የነዋሪነት ማስረጃሽን ቀድመሽ አዘጋጂ።

ጥያቄ፦ የድሮው ሕንጻ አለ? ልጆቼን ወስጄ ላሳያቸው ብዬ ነው።

አለ እንጂ! ጆርጂያ አቬኑ ቁጥር 2565፣ ሃዋርድ ግቢ አጠገብ። በ1914 የተከፈተ ትልቅ የጡብ ሕንጻ ነው፤ በብሔራዊ የታሪክ ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ኋላ የሃዋርድ ሆነ፤ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ፋኩልቲው ሲገለገልበት ኖሯል። ከዩ ስትሪት ዘጠነኛው ላይ፣ ያው የእኛ ምግብ ቤቶች ካሉበት፣ በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሰባተኛው መንገድ ፍሎሪዳን ሲሻገር ስሙ ጆርጂያ ይሆናል፤ እሱን ይዘህ ሽቅብ ነው። መኪና ግን ይዘህ እንዳትሄድ፤ ተማሪ ባለበት ቀን ማቆሚያ ፍለጋ ስትዞር ልጆቹ ይተኙብሃል።