ክምሩ ምን ይላል? ስለ ብረት ማዕድን ጥያቄና መልስ

አዘዞ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለኝ፤ ከሱቁ በፊት ኢኮኖሚክስ ተምሬ ነበር። ባለፈው ሳምንት «ስለ ብረት ገበያ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ይኸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ማዕድን ማውጫ ላይ የተከመረ የብረት ማዕድን የኢኮኖሚ ምልክት ነው ይባላል። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ የብረት ማዕድን ከሞላ ጎደል ሌላ ሥራ የለውም። ከ100 እጅ 98 ያህሉ ለብረት ማቅለጫ ነው የሚሄደው። ብረቱ ፎቅ፣ ድልድይ፣ መኪና ይሆናል። ግንባታ ሲቀዘቅዝ ፋብሪካው መግዛት ይቀንሳል፤ ማዕድኑም ወይ ወደብ ላይ ወይ ማውጫው ደጃፍ ላይ ይቀራል።

ግን ክምሩን ብቻ አይተህ አትፍረድ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በየሦስት ወሩ ያመረቱትንና የጫኑትን ይፋ ያደርጋሉ። የተጫነው ከተመረተው ካነሰ ልዩነቱ አንድ ቦታ ተከምሯል ማለት ነው። ከዚያ «የቆመው ማን ነው?» በል። ገዢው ከሆነ ኢኮኖሚው ታሟል። ባቡሩ ወይም ወደቡ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፒልባራ የሚባለው የብረት ማዕድን አካባቢ፣ ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ወደቡ ይዘጋል፣ መርከቦቹም ወደ ባሕር ይሸሻሉ። ማውጫው ላይ ክምር ያድጋል፤ ገበያው ላይ ደግሞ ዕቃው ያጥራል። ያው ክምር ነው፣ ትርጉሙ ግን ተገለባባጭ።

ጥያቄ፦ ከመተማ ሰሊጥ እነግዳለሁ። እኛ መጋዘን የምንሞላው ገዢ ጠፍቶ ብቻ አይደለም፣ ዋጋ እስኪወጣ ነው። እነሱስ?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ትልልቆቹ ማውጫዎች እንደ እርስዎ አይጠብቁም። ለአንድ ቶን የሚያወጡት ወጪ ትንሽ ስለሆነ ዋጋ ሲወድቅም ይጭናሉ። በ2015 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቶኑ ከ40 ዶላር በታች ሲወርድ እንኳ አላቆሙም።

የሚይዙት ነጋዴዎቹ ናቸው፣ በተለይ ቻይና ወደብ ላይ። በ2013 እና በ2014 (እ.ኤ.አ.) አንዳንዶቹ ማዕድኑን አስይዘው ከባንክ ይበደሩ ነበር። ክምሩ ያደገው ብረት ተፈልጎ ሳይሆን ብድር ተፈልጎ ነው! ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ያው ቀይ አፈር ነው።

ጥያቄ፦ ክምሩ ሲቀንስስ፣ ሥራ ተነቃቃ ማለት ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ጥር 2019 (እ.ኤ.አ.) ብራዚል፣ ብሩማዲንሆ ላይ የማዕድን ዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 270 ሰው ሞተ። ሌሎች ማውጫዎችም ለደኅንነት ሲባል ቆሙ። ቻይና ወደብ ላይ የነበረው ክምችት ቀነሰ፣ ዋጋውም በሐምሌ ከ120 ዶላር አለፈ። የጎደለው አቅርቦቱ ነበር።

ጥያቄ፦ ቤት ጀምሬ ፌሮ ላይ ቆሜያለሁ። ማዕድኑ ሲረክስ ፌሮ ይቀንስልኛል?

መልስ፦ እቴ፣ በዚህ ተስፋ አታድርጊ። በግንቦት 2021 (እ.ኤ.አ.) ቶኑ ከ230 ዶላር በላይ ነበር፤ በኅዳር ከ100 በታች ወረደ። እኔ ሱቅ ግን የወረደ ነገር አልነበረም። እኛ ጋ ከማዕድኑ ይልቅ የዶላር ምንዛሪና የጅቡቲ መንገድ ነው የሚወስነው። ሐምሌ 2016 (በእኛ አቆጣጠር) ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የሆነውን አስታውሺ፤ የዚያን ሰሞን ደንበኛዬ ሁሉ ስለ አውስትራሊያ ሳይሆን ስለ ባንክ ነበር የሚያወራው። ብሩ ካለሽ ለአንድ ወለል የሚበቃሽን ግዢና ዝናብ ከማይነካው ቦታ አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ (ያው የማራኪው ተማሪ) ታዲያ ለመመረቂያ ጽሑፌ የቱን ቁጥር ልያዝ?

መልስ፦ የማውጫውን ክምር ብቻውን አታሳድድ፤ ውስጡ ጥራቱ ዝቅ ያለ፣ ዋጋ እስኪወጣ ለዓመታት የተተወም አለበት። የቻይና ወደቦችን ሳምንታዊ ክምችት ውሰድና ፋብሪካዎቹ በቀን ለሚጠቀሙት አካፍለው። «ስንት ቀን ያዘልቃል?» የሚለው መልስ ከጠቅላላው ቶን የበለጠ ይነግርሃል። ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አወዳድር፤ ፋብሪካዎቹ ከቻይና አዲስ ዓመት በፊት ስለሚያከማቹ ባለፈው ወር ብትለካው ያሳስትሃል። አማካሪህ «ጎንደር ተቀምጠህ ይህ ምን አገባህ?» ካሉህ ሱቄ ይምጡ፣ ቡና ጠጥተን የፌሮውን ደረሰኝ አሳያቸዋለሁ።