ኦነርስ ልግባ ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ "ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለጎበዝ ተማሪዎች ያዘጋጀው ኦነርስ ፕሮግራም ገብተሻል ብሎኛል፤ ከብዶኝ ጂፒኤዬን (አማካይ ውጤቴን) ያበላሽብኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?" ያልሽውን አነበብኩ። ግቢ። መልስ የምትሰጪበት ቀን ሜይ 1 ከሆነም እንዳያልፍሽ። እኔ የታክሲ ሹፌር ልጅ ነኝ። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በ16 ዓመቴ ነው፤ እየሠራሁ ተምሬ በኦነርስ ተመርቄያለሁ። የአንቺም ነገር ከኔ የሚለይ አይመስለኝም። ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ እኔን ያስለቀሰኝ ነገር አንቺን እንዳያገኝሽ ነው።

1. ጂፒኤው አያስፈራሽ። እኛ ጋ ከ4 3.4 ነበር የሚጠየቀው። ሴሚናሩ ሃያ የማይሞላ ተማሪ ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ክፍል ነው፤ ፈተናው ትንሽ፣ ንባቡና ጽሑፉ ብዙ። ከባዱ መናገር ነው። አገር ቤት አስተማሪ ሲናገር ዝም ብሎ መስማት ጨዋነት ነው። እዚያ ዝም ካልሽ አላነበበችም ይሉሻል። የመጀመሪያውን ወር አፌን ሳልከፍት ቆይቼ ተሳትፎ ላይ "C" ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አንድ ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፌ እሄዳለሁ፤ ክፍሉ እንደተጀመረ እጄን አወጣለሁ። በዚያ ነው የዳንኩት።

2. ጥቅሙ እንዳያመልጥሽ። ከሌላው ተማሪ ቀድመሽ ትመዘገቢያለሽ። ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ክላሶቼን ማክሰኞና ሐሙስ ላይ ሰብስቤ በቀረው ቀን እሠራ ነበር። ስኮላርሺፕ ስትፈልጊ ደግሞ መጀመሪያ የመኖሪያ ወረቀትሽን አስቢ። ጎልድዋተር ለሳይንስ፣ ለሒሳብና ለምህንድስና ተማሪዎች በዓመት እስከ 7,500 ዶላር ይሰጣል፤ ግሪን ካርድ ያለውም ማመልከት ይችላል። በናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚካሄደው የበጋ ምርምርም እንዲሁ፤ እየተከፈለሽ ትማሪያለሽ። ትሩማንና ጊልማን የሚባሉት ስኮላርሺፖች ግን የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ ለጊልማን አንድ ወር ሙሉ ስጽፍ ከረምኩ። ዜግነትሽ ከደረሰ አታዘግዪው።

3. ቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናት። ዋናው እዚህ ላይ ነው።

ርዕሴ የሐበሻ ታክሲ ሹፌሮችና የደም ግፊት ነበር። አባቴ ግፊት አለበት፤ ምሳውን መኪና ውስጥ በልቶ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ፕሮፌሰሬ ርዕሱን ወደደችው። እኔም ፔርሙስ ቡና ይዤ፣ ከአባቴ ጋር ኤርፖርት ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ሄድኩ። በሦስት ሳምንት 11 ሰው አናገርኩ። አንድ ጋሼ የመድኃኒታቸውን ብልቃጥ ከመኪናው ኪስ አውጥተው አሳዩኝ። ክኒኑ እንዳለ ነው፣ አልተነካም። "ሽንት ያበዛብኛል፣ ተራዬ ያልፈኛል። በሥራ ቀን አልውጠውም" አሉኝ። ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም።

ዲሴምበር ላይ ረቂቁን ይዤ ኦነርስ ቢሮ ሄድኩ። ሴትየዋ "የአይአርቢ ቁጥርሽስ?" አለችኝ። አይአርቢ ሰው የሚሳተፍበት ጥናት ከመጀመሩ በፊት አይቶ የሚፈቅድ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ነው። እኔ ስሙንም ሰምቼ አላውቅም። "ዌብሳይቱ ላይ አለ" ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ያለ ፈቃድ ከሰበሰብኩት አንዱንም መጠቀም እንደማልችል ተነገረኝ። 11ዱም ቃለ መጠይቅ እንዳለ ቀረ።

ዛሬም ያንገበግበኛል። ሕጉ ትክክል ነው፤ የሰው ሕመም የትም እንዳይዘራ ነው። ግን ርዕሴን ሳስመዘግብ፣ ፎርም ስሞላ፣ እዚያው ቢሮ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንድ ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ወላጆቻቸው እዚህ የተማሩ ልጆች ይህን ከቤት ሰምተው ይመጣሉ። እኛ ከማን እንስማ?

ያን ማታ አባቴ "ይቅርብሽ ልጄ፣ ዲግሪው ይበቃሻል" አለኝ። እምቢ አልኩ። ማመልከቻውን ጻፍኩ፣ ተሳታፊዎቹ የሚፈርሙበትን የስምምነት ቅጽ ወደ አማርኛ መለስኩ። ፈቃዱ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ማርች ላይ ፔርሙሴን ይዤ ተመለስኩ። ከ11ዱ ዘጠኙ እንደገና ተቀመጡልኝ። ጋሼም ቅጹን መሪው ላይ አስደግፈው፣ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መስመር አንብበው ፈረሙልኝ። ቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ሲቀረው አስገባሁ። ቴሲሴን ያቀረብኩ ቀን አባቴ ሥራውን ትቶ፣ ሱፉን ለብሶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። የእንግሊዝኛው ግማሹ ባይገባውም እስከ መጨረሻው ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም።

አንቺም ሰው የምታናግሪ ወይም መጠይቅ የምትበትኚ ከሆነ፣ ገና ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለሽ ኮሚቴውን ራሱን በኢሜይል ጠይቂ፤ ፕሮፌሰርሽንም ኮፒ አድርጊያት። መልሱን አስቀምጪው፤ በቃል የተባለ ነገር ኋላ አያድንሽም። የአማርኛው የስምምነት ቅጽ አሁንም እኔ ጋ አለ። ስትደርሺ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።