ሰማያዊዋ ዳክዬ ሙራኖ ናት ወይ? መጀመሪያ ገልብጠሽ እያት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። ከትሪፍት ስቶር (ያገለገለ ዕቃ መሸጫ) በ7 ዶላር የገዛሻት ሰማያዊ የብርጭቆ ዳክዬ የጣልያኑ ሙራኖ ብርጭቆ ናት ወይ፣ ኢቤይ ላይ የምትመስላት በ300 ዶላር ተለጥፋ ስላየሽ እሷም ያን ያህል ታወጣለች ወይ፣ ከሷ ጋር የገዛሻት ሮዝ የብርጭቆ ድመትስ ብለሻል። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ቅዳሜ ቅዳሜ እስቴት ሴል (የቤት ሙሉ ዕቃ የሚሸጥበት ሽያጭ) ስዞር 11 ዓመት ሆኖኛል፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ስቲከር ካለባት እንዳትነኪው፣ ውሃም እንዳታስነኪው። የቆየ ስቲከር ከተላጠ አይመለስም። ግን ስቲከር ብቻውን ምስክር አይሆንም። እኔ በጀመርኩበት ሰሞን ወርቃማ የሙራኖ ስቲከር ያለበት ዓሣ በ180 ዶላር ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስገለብጠው መቀመጫው አንድ ጭረት የለበትም፤ ስቲከሩም ጠርዙ አልተነሳ፣ ቀለሙ አልደበዘዘ። ትናንት የተለጠፈ ነበር። ገንዘቤን የሚመልስልኝም አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ ከቀለም በፊት መቀመጫ ነው የማየው።

አንቺም እንዲህ አድርጊ። ወፍራም ፎጣ አንጥፈሽ ዳክዬዋን ገልብጫትና የስልክሽን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርገሽ አብሪባት። ስትታይ የማትታወቅ ጭረት ሁሉ ያኔ ብቅ ይላል። አሥርት ዓመታት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ወዲህም ወዲያም የሚሄዱ ጭረቶች ይኖሩታል፤ እነሱም ጠረጴዛውን በሚነካው ቦታ ላይ ብቻ ናቸው። ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ ወይም የማይነካውን ጎድጓዳ ቦታ ጭምር ከሸፈነው በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ነው ብለሽ ጠርጥሪ።

በፎቶው እንደማየው ዳክዬሽ ሶመርሶ በሚባለው መንገድ የተሠራች ትመስላለች። በጣልያንኛ የሰጠመ ማለት ነው። ባለሙያው ባለቀለሙን ትኩስ ብርጭቆ ቀልጦ በተዘጋጀ ጥርት ያለ ብርጭቆ ውስጥ እየነከረ ያለብሰዋል። ሰማያዊው ውስጥ ተቀብሮ የሚታየው፣ ትንሿ ዳክዬም በእጅ ስትነሣ የምትከብደው ለዚህ ነው። ምንቃሩና ጅራቱ ገና ትኩስ ሳለ በመቆንጠጫ ተስቦ ይወጣል። ስለዚህ ወደ አንገቷ ስትሄጂ ሰማያዊው እየሳሳ፣ እየቀጠነ እንደ ክር መሆን አለበት። እኔ ይህን ሳይ አሁንም ደስ ይለኛል፤ የሰውዬው እጅ የሄደበት መንገድ ነው የቀረው። ይሁንና በዚሁ መንገድ ቻይናም ሌሎችም ይሠራሉ፣ ሶመርሶ ስለሆነች ብቻ ሙራኖ ናት አይባልም።

ሙራኖ ራሱ የኩባንያ ስም አይደለም፤ ቬኒስ አጠገብ ያለ ደሴት ነው። ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ1291 የእቶኑ እሳት ከተማዋን እንዳያቃጥል ብርጭቆ ሠሪዎቿን ወደዚያ አዛወረቻቸው፣ ሙያውም እስከ ዛሬ እዚያው አለ። የደሴቱ ታዋቂ ብርጭቆ ሠሪዎች አልፍሬዶ ባርቢኒ ወይም አርኪሜዴ ሴጉሶ መሥራታቸው በማስረጃ የተረጋገጠ ወፍና ለቱሪስት የተሠራ ስም የለሽ ዳክዬ ሁለቱም ሙራኖ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። «የባርቢኒ ሥራ ይመስላል» ተብሎ የተጻፈን ማስታወቂያ እንደ ማስረጃ አትቁጠሪው።

ብላክ ላይት (የአልትራቫዮሌት መብራት) ካለሽ ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሪባት። ደማቅ አረንጓዴ ከሆነች ብርጭቆው ውስጥ ዩራኒየም አለ ማለት ነው፤ የሙራኖነት ማረጋገጫ ግን አይደለም፣ ብዙ አገር ይጠቀምበት ነበርና። እኔ ብላክ ላይቱን የምወደው ለሙጫ ነው። ተሰብሮ የተጣበቀ አንገት ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው ላይ ከሌላው ተለይቶ ያበራል። ምንቃሯንም በጥፍርሽ ዳስሺው። ጫፉ ጠፍጣፋ ከሆነና ከሰውነቷ ጋር ሲታይ ካጠረ፣ ተሸርፎ ተሞርዶ ይሆናል። ያ ዋጋውን ከግማሽ በላይ ሲያወርደው አይቻለሁ።

ድመቷ ሌላ ታሪክ ናት። ጎኗ ላይ የቅርጽ ማውጫ መስመር ስላየሽ «ርካሽ ናት» ብለሻል፤ አትቸኩዪ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የነበረው ፌንተን የሚባለው የብርጭቆ ድርጅት እንስሳቱን በቅርጽ ማውጫ እየጫነ ነበር የሚሠራቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1905 ተመሥርቶ በ2011 ብርጭቆ መሥራት አቆመ። ሥሯ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ስሙ ካለ እሱ ነው፤ ከስሙ ሥር ትንሽ 8 ካለች የ1980ዎቹ፣ 9 ካለች የ1990ዎቹ ናት።

ስለ ዋጋው፦ 300 ዶላር ሻጩ የተመኘው ነው። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ንኪና በመጠንም በቀለምም የሚቀርቡሽን አምስት ስድስት ተመልከቺ። እኔ ስም የሌላቸውን እንደዚህ ያሉ ዳክዬዎች ሙሉ ሆነው ከ35 እስከ 80 ዶላር ነው የሸጥኩት። በ7 ዶላር ለገዛሻት ጥሩ ነው። ግምት የሚሰጥሽ ሰው ራሱ ልግዛሽ ካለሽ ግን ግምቱን ተይው።

አሁን የመቀመጫዋን በጎን ብርሃን፣ የምንቃሯን ደግሞ ቀረብ አድርገሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልን። የድመቷንም ሥር አትርሺ።