ክሽክሽ በሞቃት ሳምንት ለምን ይፈላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። በበልግ ገብሳችን ላይ ክሽክሽ (የተክሉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) በአንዳንዱ ዓመት እዚህም እዚያም ታይቶ ይቀራል፤ በሌላው ዓመት ግን ዝናቡ ተቋርጦ ሞቃት ቀናት ሲደራረቡ ማሳው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይወረራል። ጎረቤቴ «ሙቀት ነው የሚያፈላው» ይላሉ። እውነት ነው? ከሆነስ የሌሊቱ ውርጭ ለምን አይፈጀውም?

መልስ፦ ጎረቤትዎ በአብዛኛው ልክ ናቸው፤ ነገር ግን የዝናቡንም መጥፋት አብረው ቢቆጥሩት ይበልጥ ልክ ይሆኑ ነበር።

ክሽክሽ የራሱን የሰውነት ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል የሚያድገው አየሩ በፈቀደለት ፍጥነት ነው። በእህል ላይ የሚኖሩት ዝርያዎች ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ዕድገታቸው ሊቆም ስለሚቃረብ፣ የሚጠቅማቸው ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ብቻ ነው። አማካዩ 10 ዲግሪ በሆነ ቀን ትርፉ 5፣ 15 በሆነ ቀን ደግሞ 10 ይሆናል፤ ለእኛ ጋቢ የማውለቅ ያህል የሆነው ልዩነት የተባዩን ዕድገት በእጥፍ ያፈጥነዋል ማለት ነው። በግምት፣ አንዲት ክሽክሽ ተወልዳ ራሷ ለመውለድ በ10 ዲግሪ ሦስት ሳምንት ያህል ሲፈጅባት በ20 ዲግሪ አንድ ሳምንት ግድም ይበቃታል። እንስቶቹ ያለ ወንድ የሚፀንሱና እንቁላል ሳይጥሉ የሚወልዱ በመሆናቸው፣ ይልቁንም በእናቲቱ ሆድ ያለችው ልጅ ራሷ ገና ሳትወለድ ፅንስ መያዝ ስለምትጀምር፣ የትውልዱ ዕድሜ ባጠረ ቁጥር ብዛታቸው ከግምት በላይ ያሻቅባል።

ይህ ግን ልክ አለው። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይስማማቸዋል፤ ከ30 ሲያልፍ የሚወልዱት ቁጥር ይቀንሳል፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። በእርስዎ ደጋ ያን ያህል ሙቀት ስለማይደርስ ከዚህ ወገን እፎይታ አይጠበቅም።

ስለ ውርጩ፦ ብዙዎቹ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ የወረደ የአንድ ሌሊት ብርድ ይችላሉ። ብርዱ ዕድገታቸውን ያዘገየዋል እንጂ አይፈጃቸውም፤ ፀሐይ ስትወጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እንዲያውም ያበበ ገብስ ከእነርሱ ቀድሞ ይጎዳል።

በአገራችን ደጋ ገብስን አብዝቶ የሚጎዳው የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ የሚባለው ሲሆን፣ በትግራይና በወሎ የታወቀው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ቅጠሉ ነጭ መስመር አውጥቶ እንደ ቱቦ ይጠቀለልና ተባዩ በውስጡ ይሸሸጋል። ከባድ ዝናብ ክሽክሽን ከተክሉ ያራግፋል፣ እርጥበቱም የሚገድሉትን ፈንገሶች ያግዛል፤ ዝናቡ ሲቋረጥ ሁለቱም ይቀራሉ፣ ውኃ የተጠማውም ገብስ ጉዳቱን መቋቋም ያቅተዋል። የእርስዎ ማሳ በአንዳንዱ ዓመት የሚወረረው ሙቀቱና ድርቁ ሲገጣጠሙ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሰማዩ ጠርቶ ቀኑ በሞቀበት ወቅት ማሳውን በየሦስትና አራት ቀኑ ይዩ፤ የተጠቀለለ ቅጠል ካገኙ ፈልቅቀው ውስጡን ይመልከቱ። በመንካት ብቻ የሚገድል መድኃኒት ጥቅልሉ ውስጥ ስለማይደርስ፣ መርጨት ግድ ከሆነ በተክሉ ውስጥ የሚዘዋወረውን ዓይነት የግብርና ባለሙያውን ይጠይቁ። ከአዝመራ በኋላ በራሱ የበቀለውንም ገብስ ነቅለው ያስወግዱ፤ ክሽክሹ እስከሚቀጥለው ዘር የሚቆየው በእርሱ ላይ ነውና።